ለውዝ ማለት ኦቾሎኒ ነው ወይስ ሄዝልነት? (ክርክር)

የእማ ልጅ፦ ዳቦ ላይ የሚቀባ ቸኮሌት ገዝቼ የተለጠፈበት አማርኛ «ለውዝ አለው» ይላል፣ እንግሊዝኛውን ሳየው ሄዝልነት የሚባለው የፈረንጅ ፍሬ ነው። የእህቴ ልጅ የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት፣ እኛ ቤት ደሞ ለውዝ ማለት ኦቾሎኒ ነው። ለውዝ የሚለው ቃል ከእሽግ ምግብ ላይ ይቅር ብል አጋነንኩ?

የባቢሌው፦ አጋነንሽ እንጂ። እኛ ጋ ለውዝም በይው ኦቾሎኒም በይው ያው ከመሬት ተነቅሎ የሚወጣው ነው። ለፈረንጅ ፍሬ ብለን የራሳችንን ቃል አንጥልም

አብነት ተማሪ፦ የራሳችን ስትል? ኦቾሎኒ እኮ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ኤርምያስ 1፥11 ላይ «የለውዝ በትር አያለሁ» ይላል፣ ኦቾሎኒ የምን በትር አለው ወንድሜ? ዘፍጥረት 30፥37 ላይም ያዕቆብ ከላጣቸው በትሮች አንዱ ለውዝ ነው፣ እንግሊዞቹ በ1611 እ.ኤ.አ. ሄዝል ብለው ተረጎሙት በኋላ የመጡት ደሞ አልመንድ አሉት፣ የትኛውም ይሁን ብቻ እንጨት ነው

ሪያድ ነኝ፦ እዚህ ሳዑዲ ሱቅ ገብታችሁ ለውዝ ብትሉ አልመንድ ነው የሚሰጧችሁ። ሄዝልነት ቡንዱቅ ነው፣ ኦቾሎኒ ፉል ሱዳኒ

ከነታንያ፦ እስራኤል ደሞ ተገላቢጦሽ ነው 😂 አልመንድ ሻኬድ ይባላል፣ ሉዝ የሚሉት ሄዝልነቱን ነው። አብነት፣ ኤርምያስ ላይ ያለው በዕብራይስጡ ሻኬድ ነው፣ ያዕቆብ ጋ ያለው ሉዝ፣ አማርኛው ሁለቱንም ለውዝ ብሎ ጠቀለላቸው። እናቶቻችን ግን ለቡና ለውዝ ቁሉ ሲሉ ኦቾሎኒውን ነው

የባቢሌው፦ አየህ! ቃል ማለት ሰው የሚለው ነው

ነርሷ፦ ቡና ላይ ችግር የለውም፣ እሽግ ላይ ነው ችግሩ። ኦቾሎኒ ከባቄላና ከአተር ወገን ነው፣ ሄዝልነት የቁጥቋጦ ፍሬ ነው፣ አንዱ የሚያስነሳበት ሰው ሌላው ምንም ላያደርገው ይችላል፣ ሁለቱም የሚያስነሱበትም አለ። ለውዝ ብለህ ስትጽፍ አንዷ እናት ያለምክንያት ትከለክላለች፣ የሄዝልነት አለርጂ ያለበት ልጅ እናት ደሞ ኦቾሎኒ መስሏት ታበላለች። የሁለተኛዋ ነው የሚያስፈራኝ

የባቢሌው፦ እሺ ለኦቾሎኒው ኦቾሎኒ ይጻፍ፣ እስማማለሁ። ሄዝልነትስ ምን ይባል?

ሪያድ ነኝ፦ ቡንዱቅ

ከነታንያ፦ ትንሽ ብታስረዝሚው እኮ በአረብኛ ጠመንጃ ይሆናል 😂

ነርሷ፦ ሄዝልነት ተብሎ ይጻፍ በቃ፣ ቸኮሌትንስ ማን ተረጎመው