ከፊት አንድ ማርሽ ወይስ ሦስት? ለሱሉልታ እና አዲሱ ገበያ መንገድ

ማለዳ ተነሺ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ሱሉልታ፣ ሥራዬ አዲሱ ገበያ አካባቢ ሲሆን፣ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን በብስክሌት እመላለሳለሁ። ጠዋት የእንጦጦን ጀርባ እስካልፍ ነው እንጂ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱ ራሱ ያደርሰኛል፤ ማታ ግን ያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቀኛል። ብስክሌቴ ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ነው። ከፊት 42፣ 32 እና 22 ጥርስ ያላቸው ሦስት ማርሾች፣ ከኋላ ደግሞ ከ11 እስከ 32 ጥርስ የሚደርሱ ስምንት ማርሾች አሉት።

አምና ክረምት ሰንሰለቱ ከፊት ደጋግሞ ወለቀብኝ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዳገቱን ጨርሼ ወደ ትልቁ ማርሽ ልቀይር ስል ወልቆ በፔዳሉ ክንድ ላይ ተጠመጠመ፤ የጭነት መኪኖች በአጠገቤ እያለፉ፣ እጄ እስከ ክርኑ ጥቁር ግራሶ ሆኖ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገልኩት። ይህን የሰማ ጓደኛዬ፣ ዛሬ ብስክሌት ሁሉ ከፊት አንድ ማርሽ ብቻ ሆኗልና ሦስቱን አውጥተህ አንድ አድርገው ይለኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ዳገቱ ነው፤ አሁን ባለኝ ማርሽ እንኳ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው የምወጣው። የሞከራችሁት ካላችሁ ምክራችሁን እሻለሁ።

የሞዞ ሐኪም፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ 24 ማርሽ አለኝ ብለው አይቁጠሩ። ከ11 እስከ 32 የሚሄደው የተለመደው የሺማኖ (የብስክሌት ዕቃ አምራቹ) ባለ ስምንት ስብስብ 11፣ 13፣ 15፣ 18፣ 21፣ 24፣ 28 እና 32 ነው። ከፊት 42ን ከኋላው 28 ጋር ቢያገናኙ፣ የፊቱ ለኋላው ሲካፈል 1.50 ይሆናል፤ 32ን ከ21 ጋር 1.52፣ 22ን ከ15 ጋር 1.47። ሦስቱም ለእግርዎ አንድ ናቸው። እንዲህ ያሉ መንታዎች በሞሉበት ስሌት የማርሹ ብዛት ምንም አይነግርዎትም፤ የሚነግርዎት በጣም ቀላሉና በጣም ከባዱ ማርሽ ምን ያህል እንደሆነ ነው።

የእርስዎ ቀላሉ ማርሽ 22 በ32 (ከፊት 22፣ ከኋላ 32) ነው፤ አንድ ጊዜ ፔዳሉን ሙሉ ሲያዞሩ ብስክሌቱ 1.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። 22ቱን አውጥተው 32ቱን ብቻ ቢያስቀሩ፣ የኋላውን ሳይነኩ ማለት ነው፣ ያው አንድ ዙር ከ2 ሜትር በላይ ይወስድዎታል። ይህ ማለት ዳገቱ ላይ በእያንዳንዱ ርግጫ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ኃይል መጠየቅ ነው፤ የእንጦጦ አየር ደግሞ ቀጭን መሆኑን ሳንባዎ ያውቀዋል። አንድ የፊት ማርሽ ይዘው የዛሬውን ቅለት ላለማጣት ከኋላ 46 ጥርስ ያስፈልግዎታል፤ 32 በ46 ከ22 በ32 ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የእርስዎ የኋላ መቀየሪያ ግን ያን የሚያክል ማርሽ አይችልም። ስለዚህ መቀየሪያው፣ የመሪው ላይ መቆጣጠሪያ፣ የኋላው ስብስብና ሰንሰለቱ አብረው ይለወጣሉ።

ከመወሰንዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። የኋላ ማርሾቹ በሞዞው (በቸርኬው እምብርት) ላይ በጥርስ ተሰክተው የሚገቡ ናቸው ወይስ ሙሉ በሙሉ እንደ ብሎን ተሽከርክረው የሚታሰሩ? ተሽከርክረው የሚታሰሩ ከሆኑ ትልልቆቹን ስብስቦች ለመግጠም ቸርኬውም አብሮ ሊለወጥ ነው። ከፊት ደግሞ ሦስቱ ማርሾች በአራት ብሎን የታሰሩ ከሆነ አንዱን ነጥሎ ማውጣት ይቻላል፤ በርካሽ ብስክሌቶች ላይ እንደሚታየው በሪቬት ከተመቱ ግን አይነጣጠሉም።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ሰንሰለቱ ሁልጊዜ የሚወልቀው ወደ ውጭ፣ ወደ ፔዳሉ በኩል ነው?

ጥቁር አፈር፦

እኔ ያለሁት ሰንዳፋ በኩል ነው፤ በሐሳቡ የምለየው በጭቃው ምክንያት ነው። እዚህ መረሬ አፈር በሐምሌ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ከፊት መቀየሪያው ጋር ተጣብቆ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ማርሽ መቀየር የለም። አንድ የፊት ማርሽ ካደረግሁ ወዲህ ከዚህ ተገላግያለሁ። ለዚህ ተብሎ የሚሠራው የፊት ማርሽ አንዱ ጥርሱ ሰፊ፣ ቀጣዩ ጠባብ እየሆነ ስለሚሄድ ሰንሰለቱን አጥብቆ ይይዘዋል፤ አዲሱ ዓይነት የኋላ መቀየሪያም ኮብልስቶን ላይ ሰንሰለቱ እንዳይዘልል ወጥሮ ይይዘዋል። ስራም (SRAM) የተባለው የብስክሌት ዕቃ አምራች እ.ኤ.አ. በ2012 ከኋላ ከ10 እስከ 42 የሚደርስ ባለ 11 ማርሽ ካወጣ በኋላ የተራራ ብስክሌት ዓለም ወደዚህ የዞረው ያለ ምክንያት አይደለም።

አይወልቅም ግን አልልም። ስሎቬኒያዊው ብስክሌት ተወዳዳሪ ፕሪሞሽ ሮግሊች በ2023 የጣሊያን ዙር ውድድር በሞንቴ ሉሳሪ ዳገት ላይ ከፊት አንድ ማርሽ ይዞ ሲወጣ ሰንሰለቱ ወልቆበት ወርዶ አስተካክሎታል፤ ቀኑንም ዙሩንም አሸንፏል፤ የኛ ዕድል ግን እንደሱ ላይሆን ይችላል።

ቅሬታዬን ልደብቅ አይገባም። የእኔ ባለ 12 ማርሽ ነው፤ ሰንሰለቱ ቀጭን ስለሆነ በግማሽ ፐርሰንት እንደረዘመ መለወጥ አለበት፤ የእርስዎ ባለ ስምንት ግን እስከ 0.75 ይታገሣል። አንድ ሱቅ ለ12 ይሆናል ብሎ የሸጠልኝ ሰንሰለት የባለ ስምንት ሆኖ ተገኘ፤ አልገባም አለ፤ ገንዘቤም አልተመለሰም። ትክክለኛውን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እስኪያመጣልኝ ሁለት ወር በታክሲ ሄድኩ። ለባለ ስምንት ማርሽ ግን መርካቶ ገብቶ ባዶ እጁን የሚወጣ አላየሁም።

የቀበና ልጅ፦

መካከለኛ መንገድ አለ፦ 42ቱን ብቻ ያውጡት። 22 እና 32 ይቀራሉ፣ ዳገቱ አይነካም፣ ወጪውም ኢምንት ነው። የሚያጡት ከላይ ነው፤ በደቂቃ 90 ጊዜ ቢያዞሩ 32 በ11 በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጥዎታል። በዚያ ቁልቁለት ደግሞ ፍሬን ይዞ እንጂ ፔዳል እየመታ የሚወርድ ጤነኛ የለም።

ማለዳ ተነሺ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሞዞ ሐኪም ለጠየቁኝ፣ አዎን፣ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነው። ጥያቄው ስላስጨነቀኝ ትናንት ብስክሌቱን ገልብጬ በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። ማርሾቹ በአራት ብሎን የታሰሩ ናቸው። የ42ቱና የ32ቱ ጥርሶች ተልጠው ያብረቀርቃሉ፤ የ22ቱ ግን ከፋብሪካ የወጣበት ጥቁር ቀለም ከነጫፉ አልተነካም። የፊት መቀየሪያው ወደ ውስጥ ድረስ አይሄድም ነበርና፣ ብስክሌቱን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ ያን ዳገት በ32ቱ ስወጣው ኖሬያለሁ ማለት ነው። በመቀየሪያው ላይ ካሉት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች የውስጡን ወሰን የሚይዘውን በካቻቢቴ አንድ ዙር ተኩል ባላላው ሰንሰለቱ 22ቱ ላይ ቁጭ አለ። ሰንሰለቱ ወደ ውጭ እንዳይወልቅ ደግሞ የውጭውን ጥቂት አጠበቅሁት። የ32ቱ ጥርሶች ግን ወደ አንድ ወገን ተጋድመው መንጠቆ መስለዋል፤ እሱን ብቻ ብለውጥ ይበቃል?

የሞዞ ሐኪም፦

አይበቃም፤ ያረጀ ሰንሰለት አዲሱን ማርሽ በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ሁለቱንም አብረው ይግዙ። ከገጠሙ በኋላ ከኋላ በሚያዘወትሩት ማርሽ ላይ ጠንክረው ሲረግጡ ሰንሰለቱ የሚዘል ከሆነ እሱም አልቋል ማለት ነው። 42ቱን ግን አሁን አይንኩት፤ ነገ ማታ በ22ቱ ወጥተው ይሞክሩትና ከዚያ እንነጋገራለን።