የምክር አገልግሎት በስልክና በቪዲዮ፦ ወረርሽኝ ሲመጣ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ምን ይስተካከል?

የምሽት ተረኛ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ፣ በወሩ መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ የስነ ልቦና ምክር ወደ ስልክና ቪዲዮ የዞረው በጥድፊያ ነበር። ለቀጣዩ ወረርሽኝ የሚሆን አጭር የአሠራር መመሪያ እየተዘጋጀ ስለሆነ ሦስት ነገር ልጠይቅ። ከታካሚው ጋር አስቀድሞ ምን ስምምነት ይደረግ? አንድ ክፍል ውስጥ ከቤተሰብ ጋር የሚኖር ሰው እንዴት በምስጢር ያወራል? በርቀት መታከም የሌለበትስ ማን ነው? «በጥልቀት ይተንፍሱ» ዓይነቱን ምክር ተውት፤ እሱ በየቦታው ሞልቷል።

ሳይካትሪ ነርስ
የመጀመሪያውን ቀጠሮ 60 ደቂቃ አድርጉትና 15ቱን ለስምምነት መድቡ። በዚያች ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ መያዝ ያለበት የታካሚው ትክክለኛ አድራሻ፣ ሁለተኛ ስልክ ቁጥር፣ አደጋ ቢያጋጥም የሚጠራ አንድ የቅርብ ሰውና መስመር ሲቋረጥ ማን መልሶ እንደሚደውል ነው። ለዚያ የቅርብ ሰው በምን ሁኔታ እንደሚደወልና ምን ያህል እንደሚነገረው ታካሚው ራሱ አስቀድሞ ይወስን።

አድራሻ ስል ክፍለ ከተማና ወረዳ ብቻ አይደለም። የቤት ቁጥር በቃል የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ቢያውቅም አምቡላንሱ ላያገኘው ይችላል። «ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በር» ብላችሁ ጻፉ። በየቀጠሮውም መጀመሪያ «አሁን የት ነዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወረርሽኝ ሲመጣ ሰው ወደ እናቱ ቤት ወይም ወደ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ ግን የድሮው ነው። 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) እና 991 (ፖሊስ) ከጠረጴዛችሁ ላይ አይጥፉ፤ ታካሚው ሌላ ከተማ ከሆነ ደግሞ የዚያን ከተማ አምቡላንስና ፖሊስ ቁጥር ቀድማችሁ ያዙ።

የመስመር መቋረጥን በተመለከተ የሚሠራው ደንብ ቀላል ነው። የሚደውለው ባለሙያው ብቻ ነው፤ ሁለቱም ከደወሉ ሁለቱም «ተይዟል» ይሰማሉ። ቪዲዮው ካልተመለሰ ወዲያው ወደ መደበኛ ስልክ ይዞራል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተገናኙ ሁለተኛው ቁጥር ይሞከራል። በዚያ ቀን ስለ ሞት የተናገረ ሰው ከሆነ ግን አምስት ደቂቃ አይጠበቅም።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ
ስለ ምስጢር ልጨምር። ከቪዲዮ ይልቅ ድምፅ ብቻ ምረጡ፤ ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት ግማሽ ጊጋ ገደማ ዳታ ይበላል፣ ድምፅ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ታካሚው በኢርፎን ካዳመጠ ቤተሰቡ የሚሰማው የእሱን ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ከበድ ያሉትን ጥያቄዎች «አዎ» ወይም «አይ» ተብለው እንዲመለሱ አድርጋችሁ አዘጋጁ፤ «ከዚያ ሰውዬ ጋር ስለተፈጠረው ይንገሩኝ» ከማለት «ከትናንት ወዲያ የተባለው ነገር ተደግሟል?» ይሻላል። ሬዲዮ ከበሩ አጠገብ መክፈት፣ ግቢ ውስጥ እየተራመዱ ማውራት፣ የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ ሁሉም ይረዳሉ። ሰው ድንገት ሲገባ የምትባል ተራ ሐረግ ተስማሙ፤ «ሽንኩርቱን ነገ እገዛለሁ» ከተባለ ባለሙያው ወሬውን ይቀይራል፣ ሳይጠይቅ።

ታካሚዋን ቤት ውስጥ የሚደበድባት ሰው ካለ ጥንቃቄው ሌላ ነው። የቀጠሮ ማስታወሻ በመልእክት አይላክ፤ ስልኩ የጋራ ሊሆን ይችላል። የባለሙያው ቁጥር በምን ስም እንደሚመዘገብም እሷ ትምረጥ።

ሌላው፣ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ 50 ደቂቃ በስልክ ያደክማል። 30 ደቂቃ በሳምንት ሁለቴ የተሻለ ይሄዳል። ዝምታንም በቃል ሙሉት፦ ፊት ለፊት ዝም ማለት መደመጥ ነው፣ በስልክ ግን «ተቋረጠ እንዴ?» ያስብላል። አጭር «እየሰማሁዎት ነው» ይበቃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ
በውጭ ላሉት አንድ ነገር። አሜሪካ ውስጥ የባለሙያው የሥራ ፈቃድ የሚታየው ታካሚው በተቀመጠበት ስቴት ነው፤ የቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሜሪላንድ ያለ ታካሚ ለማየት የሜሪላንድ ፈቃድ ወይም ስቴቶቹ አንዱ የሌላውን ፈቃድ የሚቀበሉበት ስምምነት ያስፈልገዋል። የፌዴራሉ ጤና መሥሪያ ቤት በማርች 2020 እ.ኤ.አ. ፌስታይምና ተራውን ዙም ለሕክምና የተጠቀመን ባለሙያ እንደማይቀጣ አስታውቆ ነበር፤ ያ ውሳኔ ሜይ 2023 ላይ አብቅቷል፣ አሁን የታካሚን ምስጢር ለመጠበቅ ውል የፈረመ የቪዲዮ መድረክ ግድ ነው። አስተርጓሚ ካስፈለገ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አስተርጓሚው በሦስትዮሽ ጥሪ መግባት ይችላል። ትንሽ ልጅን ለእናቱ አስተርጓሚ ማድረግ ግን ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ክልክል ነው፤ እናት በልጇ ፊት ምኑን ትናገረዋለች?

ኤምሬትስ ያሉ እህቶች ዘንድ የዋትስአፕ ጥሪ የተዘጋ ነው፤ መልእክትና የድምፅ መልእክት ግን ይሠራል።

ሳይካትሪ ነርስ
ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። ድባቴና ጭንቀት ያለበት፣ በራሱ ፈቃድ የሚያወራ ሰው በርቀት ጥሩ ይሄዳል። ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ስልኩ ራሱ የሚሰልለው የሚመስለው ሰው ግን በስልክ ሲታከም ሊብስበት ይችላል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን በወርኃዊ መርፌ የሚወስድም በአካል መምጣት አለበት፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚወጋበትን ቀን ከወረርሽኙ በፊት አስተካክሉለት።

መድኃኒትን በተመለከተ ሁለት ወጥመድ አለ። ክሎዛፒን (ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ትኩሳት ሲይዘው «ኮሮና ነው» ተብሎ ቤቱ እንዳይቀመጥ፤ የነጭ ደም ሴሉ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ቀን የደም ምርመራ ይደረግለት። ሊቲየም (የስሜት መዋዠቅን የሚያረጋጋ መድኃኒት) የሚወስድ ደግሞ ለራስ ምታቱ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳይውጥ ንገሩት፤ የሊቲየሙን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታል። ተቅማጥና ትውከትም እንዲሁ።

የወረርሽኝ ጊዜ ለሦስት ወር የሚሆን መድኃኒት ባንድ ጊዜ መስጠት ይለመዳል። ራሱን ሊጎዳ ለሚችል ሰው ይህ አደገኛ ነው፣ በተለይ አሚትሪፕትሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት። በየሳምንቱ ይሰጠው፣ ካልሆነም ቤተሰብ ቆልፎ ይያዝ።

የምሽት ተረኛ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልን። የድባቴ መለኪያውን (PHQ-9) ዘጠኙን ጥያቄዎች በስልክ ማንበብ ይቻላል? አራቱን መልሶች ሰዉ ይረሳቸዋል።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ
ይቻላል። ከመጀመራችሁ በፊት ታካሚው ወረቀት ላይ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ትርጉማቸውን (ከ«ፈጽሞ» እስከ «በየቀኑ ማለት ይቻላል») ይጻፍ፣ ከዚያ ቁጥሩን ብቻ ይንገራችሁ፤ አጠገቡ ያለውም ሰው ቁጥር እንጂ ሌላ አይሰማም። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» የሚለውን በየጥያቄው ድገሙ። ድምሩ ከ27 ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በደንብ መመርመር አለበት። ዘጠነኛው ስለ ሞት ሐሳብ ነው፤ ከ0 ውጭ ማንኛውም መልስ ከመጣ ድምሩ ትንሽ ቢሆንም እዚያው ቆማችሁ ስለ ሐሳቡ፣ ስለ ዕቅዱና በእጁ ስላለው ነገር ጠይቁ።

ሳይካትሪ ነርስ
ዘጠነኛውን አለስልሳችሁ አታንብቡት። «እንደው ክፉ ሐሳብ የለም አይደል?» ከተባለ መልሱ ሁልጊዜ «የለም» ነው።