የልብ ሕክምና የጋራ ሐሳባችን ከነፍሰ ጡሮች ክትትል ይጀምር

አንድ ሐኪም፣ ከደሴ፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ሴቶችና ወንዶች በልብ ሕክምና ስላላቸው ልዩነት የምናቀርበው ረቂቅ እስካሁን ያተኮረው በድንገተኛ የልብ ሕመም ላይ ነው። እኔ ግን መነሻችን የሩማቲክ የልብ ሕመም ይሁን እላለሁ። ይህ ሕመም በልጅነት በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቭ (ደም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርገውን በር) የሚያበላሽ ሲሆን፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን 3,343 ሕሙማንን የመዘገበ ጥናት ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች መሆናቸውን፣ የሕሙማኑም አማካይ ዕድሜ 28 ዓመት ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ይህ የመውለጃ ዕድሜ ነው። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ ቫልቯ የጠበበ ሴት መታመሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታውቀው ሆዷ ከገፋ በኋላ፣ መተኛት አቅቷት ተቀምጣ ስታድር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ቀን የልቧ ድምፅ እንዲደመጥና «ዳገት ስትወጪ ከአምናው ይልቅ ትንፋሽ ያጥርሻል ወይ?» ተብላ እንድትጠየቅ እንጠይቅ። «ከአምናው ይልቅ» የሚለው ቃል እንዳይወጣ አደራ፤ ደሴ ላይ ዳገት የማያደክመው ሰው የለምና።

አንዲት ነርስ፣ ከኮምቦልቻ፦

ዶክተር፣ ሐሳብዎን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የአራስነት ጊዜም ይጨመርበት። ከእርግዝናው የመጨረሻ ወር አንሥቶ ከወሊድ በኋላ እስከ አምስት ወር ድረስ የልብ ጡንቻ ሊደክም ይችላል፤ የእግር እብጠቱንና የትንፋሽ ማጠሩን ግን ቤተሰብም እኛም «የአራስ ድካም ነው» ብለን እናልፈዋለን። በዕድሜ የገፉትንም እናቶች አንርሳ። የገዛ እናቴ መንጋጋዋንና ጀርባዋን እያመማት፣ እያቅለሸለሻት ለሕክምና ሄዳ «ጨጓራ ነው» ተብላ ተመለሰች፤ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) የተነሣችው በሦስተኛው ቀን ነው። የደረት ሕመም ለሴቶችም ዋነኛው ምልክት ቢሆንም፣ እንዲህ ያሉት ሌሎች ምልክቶች አብረውት የሚመጡት በሴቶች ላይ ይበልጣል። እናቴ ደረቷንም ይከብዳት ነበር፤ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

ሐኪሙ፦

ሲስተር፣ እናትዎን እግዜር ይማርልን። ሁለቱም ይግቡ፤ የእናቶቹ ጉዳይ ራሱን የቻለ አንቀጽ ይሁን፤ ጨጓራ ነው ከመባሉ በፊት ኢሲጂ ይነሣ የሚል።

አንድ የማኅበሩ አባል፣ ከደሴ፦

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባት ሴት ወንድም ነኝ። እኅቴ ሕመሙ እንዳይብስባት በየአራት ሳምንቱ የምትወጋውን የፔኒሲሊን መርፌ ያቋረጠችው አግብታ ገጠር በወረደች ጊዜ ነው፤ እኔ ግን ሳገባ ከቤቴም ከጤና ጣቢያዬም አልራቅሁም። መርፌው ተከትሏት በምትኖርበት ቀበሌ አቅራቢያ እንዲሰጣት፣ መዝገቧም እንዲዛወርላት የሚል አንቀጽ ካልገባ ረቂቁ ጎደሎ ነው። ለኢኮም (ለልብ አልትራሳውንድ ምርመራ) ሆነ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ሲያስፈልግ፣ ልጆቿን ማን ይጠብቃል የሚለው ከትራንስፖርቱ ወጪ ጎን ይጻፍ።

ሐኪሙ፦

የመርፌው አንቀጽ ሁለተኛ ሆኖ ይገባል። ሲስተር፣ ቃላቱን ከወንድማችን ጋር አብራችሁ ብትጽፉልን።