የፈጠርኩት ግዛት ለምን እንዳልፈረሰ እኔም አላውቅም፤ እርዱኝ

ካርታ ሣዩ

ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ግዛት ስገነባ ኖሬያለሁ። ለልቦለድ ነው፤ ስሙ ኦርዛም ይባላል። ካርታው ተሥሏል። የነገሥታቱ ዝርዝር አልቋል፤ 31 ናቸው። ሦስት ደብተር ሞልቷል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ግን እስካሁን አልተጻፈም። (አትሳቁ። እዚህ ካለነው ግማሾቻችን እንዲሁ ነን።)

በቀደም ደብተሮቹን ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት። ታደንቀኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሁለት ቦታ ላይ በእርሳስ አስምራ መለሰችልኝ። አንዱ ጋ «እነዚህ ሰዎች ምን በሉ?» ይላል። ሌላው ጋ «ይሄ ሰውዬ ለምን አላመጸም?»። ሁለቱንም መመለስ አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦርዛም 412 ዓመት የቆየ ግዛት ነው። ዘጠኝ አውራጃ አለው። በየአውራጃው «ሻርም» የሚባል ገዢ ተቀምጧል። ሻርሙ ግብር ይሰበስባል፣ ይፈርዳል፣ ጦሩንም ያዛል። ሲሾም በንጉሡ ፊት እጁን እሳት ላይ ዘርግቶ ይምላል። ስለማለ ይታዘዛል። (አሁን ስጽፈው ራሴም አፈርኩ።) ሕዝቡ 12 ሚሊዮን ነው፤ ቋሚ ሠራዊቱ ደግሞ 1 ሚሊዮን።

በ203ኛው ዓመት ንጉሥ ደልማን 300 ሺህ ወታደር አስከትሎ የጨው በረሃውን በ40 ቀን ያቋርጣል። ከማዶ ያሉትን ከተሞች ይይዛል። የመጽሐፉ ትልቁ ትዕይንት እሱ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ጀምሮ በዓይኔ ላይ ያለ ነገር ነው። ሌላውን እንደፈለጋችሁ አፍርሱት፤ እሱን ግን አትንኩብኝ።

ስንቅ ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ የምነካው እሱኑ ነው።

ወረቀት ያዝ። አንድ ወታደር በቀን ቢያንስ አንድ ኪሎ ያህል እህል ይፈልጋል። 300 ሺህ ሰው በቀን 300 ቶን በላ ማለት ነው። በ40 ቀን 12 ሺህ ቶን። አንድ በቅሎ 100 ኪሎ ያህል ትሸከማለች። ስለዚህ 120 ሺህ በቅሎ ያስፈልግሃል። እስቲ ይሁን፣ አገኘህ እንበል።

በቅሎዋስ? በረሃ ነው፤ ሣር የለም። የራሷንም ቀለብ መሸከም አለባት። በቀን አምስት ኪሎ ብትበላ የተሸከመችውን በሃያ ቀን ራሷ ትጨርሰዋለች። በረሃው እኩሌታ ላይ ስትደርስ ጭነቱ ባዶ ነው። ለሰው አንድ ፍሬ አልተረፈም። በቅሎ ብትጨምር ምንም አይለወጥም፤ የምትጨምረው በላተኛ ነው። ውሃውን ገና አልቆጠርኩትም፤ እሱን ከቆጠርኩ ትጣላኛለህ።

የ1 ሚሊዮኑም ነገር እንደዚሁ ነው። የሮም ግዛት በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን 60 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደነበረው ይገመታል። ሠራዊቱ 400 ሺህ ገደማ ነበር። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። እሱንም ለመክፈል ግምጃ ቤቱ ወገቡ ይጎብጥ ነበር። በዚያው ሒሳብ የአንተ ኦርዛም የሚችለው 80 ሺህ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ሰው አርሶ አንድ ወታደር ይመግብ ካልክ ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ ሕፃናቱንና ሽማግሌዎቹን ቀንስ። ማን አረሰ?

ዘመቻውን ግን ማዳን ይቻላል። ሰዉን ወደ 20 ሺህ አውርደው። በቅሎውን ተውና ግመል አስገባ፤ 150 ኪሎ ይሸከማል፣ በቀዝቃዛው ወራት ደግሞ ሳይጠጣ ከሳምንት በላይ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ከዘመቻው በፊት ሁለት ሦስት ዓመት ጉድጓድ አስቆፍር፤ በየጉድጓዱ አጠገብ ጎተራ አሠራ። ያን ጊዜ ንጉሥህ የሚሄደው ከጎተራ ወደ ጎተራ ነው። ትዕይንትህ አይበላሽም። እንዲያውም 20 ሺህ ሰው ባዶ ጎተራ ፊት ሲቆም አስበው።

ነበልባል

ድራጎን አስገባና ተገላገል 😂

ስንቅ ቆጣሪ

ድራጎኑ ምን ይበላል?

ነበልባል

በቅሎዎቹን።

ጡረተኛዋ

ልጄ፣ እኔ ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ስለ እህሉ ተነግሮሃል፤ እኔ ስለ ሻርሞችህ ልንገርህ።

መሐላ ከንቱ ነው አልልህም። ግን ግብሩን፣ ፍርዱንና ጦሩን ለአንድ ሰው ከሰጠኸው፣ የሾምከው ገዢ ሳይሆን ሌላ ንጉሥ ነው። የጎደለው ዘውዱ ብቻ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። የአንተ ሻርም ግን አይሻርም። ማን ይሽረዋል? ጦሩ እሱ ዘንድ ነው።

የቻይናውን አን ሉሻንን ተመልከት። የታንግ ሥርወ መንግሥት የሰሜን ምሥራቅ ድንበር ሦስት የጦር ግዛቶች በዚህ በአንድ ሰው እጅ ወደቁ። ቤተ መንግሥቱ ይወደው ነበር። በ755 እ.ኤ.አ. አመጸ። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ጥሎ ሸሸ። አመጹ እስኪጠፋ 763 ደረሰ፤ ሥርወ መንግሥቱም የቀድሞ ጉልበቱን ዳግም አላገኘም። ታዲያ በሰውየው ክፋት ብቻ አይደለም። ሦስቱን ግዛት ፈርሞ የሰጠው አለ።

የጥንት ፋርሶች ይህን ያውቁ ነበር። ሳትራፕ የሚባለው ገዢ አገሩን ያስተዳድራል። የምሽጉ ጦር አዛዥ ግን ተጠሪነቱ ለንጉሡ ነው። ከዚያ ደግሞ «የንጉሡ ዓይን» የሚባል ተቆጣጣሪ ይመጣል። ሮምም ግብፅን ከያዘች በኋላ አውግስጦስ አንድም የሸንጎ አባል ያለ ፈቃዱ እንዳይረግጣት ከለከለ። ለምን? የዋና ከተማዋ እህል ትልቅ ድርሻው ከዚያ በመርከብ ይመጣ ነበር። ግብፅን የያዘ ትልቅ ሰው ሮምን ሳይዋጋ በረሃብ ሊያንበረክክ ይችላል። ስለዚህ የሚሾምባት ከሸንጎ አባላቱ በታች ካለው መደብ የመጣ ሰው ነበር። ችሎታ ያለው፣ ግን ዘውድ ቢያምረው ማንም የማይከተለው።

ስለ ክቡር ዘበኛህ አልጻፍክም። የንጉሡ ዘበኛ አለ አይደል? ካለ እሱን ከሻርሞቹ ይበልጥ ፍራው። በ193 እ.ኤ.አ. የሮም ዘበኞች ንጉሠ ነገሥቱን ፐርቲናክስን ገደሉት። ከዚያ ምን አደረጉ መሰለህ? ዙፋኑን በሐራጅ አወጡት! አንዱ ተጫራች የሟቹ አማት ነበር፤ ሰፈሩ ውስጥ ሆኖ ዋጋ ይጠራል። ሌላው ዲዲዩስ ዩሊያኑስ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጮኻል። ዩሊያኑስ ለእያንዳንዱ ወታደር 25 ሺህ ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ ነው) ብሎ አሸነፈ። 66 ቀን ነገሠ። ከድንበር የመጣው የሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ጦር ሲቃረብ ሸንጎው ከዳው፤ ተገደለ። ሴቬሩስም እነዚያን ዘበኞች አባረረና በራሱ ሰዎች ተካቸው። ብዙ ጦር የነበራቸውን እንደ ሶርያና ብሪታንያ ያሉ አውራጃዎች ለሁለት ከፈላቸው። ራሱ በዚያ መንገድ ስለመጣ መንገዱን ያውቀዋል።

ይህን ክፍል ሳስተምር ተማሪ አይተኛም ነበር።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሻርሙ ይፍረድ፣ ያስተዳድር። ጦሩን ለሌላ ስጠው። ደመወዙ ደግሞ ከሦስተኛ ሰው እጅ ይውጣ። ሦስቱ ይጣሉ። እንዲጣሉ ነው የተሾሙት። ንጉሥህ ጠዋት ማታ ክስ ሲሰማ ይዋል። የሚያሰለች ይመስልሃል፤ 412 ዓመት የሚያኖረው ግን ይኸው ነው።

ካርታ ሣዩ

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «የጎደለው ዘውዱ ብቻ ነው» ያሉትን ደብተሬ ሽፋን ላይ ጻፍኩት። ክቡር ዘበኛ አለኝ፤ «ጥቁር ካባዎች» ይባላሉ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ቤተ መንግሥት ያደጉ ወላጅ አልባ ልጆች ናቸው። ቤተሰብ ስለሌላቸው አይከዱም ብዬ ነው።

ስም አውጪ

እዚህ ጋ ልግባ። የጥቁር ካባዎች ሐሳብህ በእውን ተሞክሯል። የኦቶማን የኒቸሪዎች እንዲያ ነበሩ። ከክርስቲያን ቤተሰቦች ተወስደው በሱልጣኑ ቤት ያደጉ ወንዶች ልጆች። መጀመሪያ ማግባት ክልክል ነበር። ጥሩ ሠራ። ከዚያ ማግባት ተፈቀደ። ሚስት መጣች፣ ልጅ መጣ። አባት ልጁን እዚያው ክፍለ ጦር ማስመዝገብ ጀመረ። ብዙዎቹ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ሆኑ። ደመወዙን ይቀበላሉ፤ ጦርነት ሲባል ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። በ1622 እ.ኤ.አ. ሱልጣን ዑስማን ዳግማዊን ገደሉ። በ1826 ሱልጣን ማሕሙድ ዳግማዊ በመድፍ አጠፋቸው። ስለዚህ ቤተሰብ የሌለው ዘበኛ ለአንድ ትውልድ ነው። የአንተ ግዛት ዕድሜ 412 ነው፤ ሁለተኛው ትውልድ ምን ሆነ?

ሌላው ስሞችህ። እንደ ስሜ ስለ ስም ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። «ሻርም» ከየት መጣ? የማዕረግ ስም ሰማይ ላይ ተንሳፍፎ አይመጣም፤ ከሥራ ነው የሚወለደው። የእኛኑ አስብ። ፊታውራሪ ከፊት የሚሄደው ነው። ቀኝአዝማች በቀኝ፣ ግራአዝማች በግራ። ደጃዝማች የደጁ አዝማች ነው። አራቱን ስም ብቻ ይዘህ የንጉሡ ጦር እንዴት እንደሚጓዝ ካርታ ትሥላለህ። የኒቸሪዎቹ ዘንድ ደግሞ የክፍሉ አዛዥ ማዕረግ «ሾርባ ሠሪ» እንደማለት ነው። የክፍሉ ትልቅ ድስት እንደ ሰንደቅ ዓላማ ይከበር ነበር። ሲያምጹ ድስቱን ይገለብጡታል። «ያንተን ምግብ አንበላም» ማለታቸው ነው። አንተ ሦስት ደብተር ሙሉ ዐርማና ባንዲራ ሥለሃል ብዬ እገምታለሁ። ድስት አለበት?

ካርታ ሣዩ

47 ባንዲራ አለ። ድስት የለም።

ስንቅ ቆጣሪ

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። እማማ «ደመወዙ ከሦስተኛ ሰው እጅ» ያሉትን አጥብቀህ ያዝ። ወታደር የሚታዘዘው ለሚያዘው ሳይሆን ለሚከፍለው ነው። ሲያረጅ ማን መሬት እንደሚሰጠውም ያያል። አውግስጦስ በ6 እ.ኤ.አ. ለጡረታ የሚወጡ ወታደሮች ብቻ የሚሆን ግምጃ ቤት አቋቋመ። ከራሱ ኪስ 170 ሚሊዮን ሴስተርስ አስገባ። ቀጥሎ ከውርስ ከመቶ አምስት፣ ከሐራጅ ሽያጭ ከመቶ አንድ ግብር አስከፈለ። ሀብታሞቹ በጣም ተነጫነጩ። ከዚያ በፊት ግን ሽማግሌ ወታደር መሬት የሚያገኘው በጄኔራሉ በኩል ነበር፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ብዙው ጣጣ ከዚያ የመጣ ነው። ጦር አይስብህ፤ ጡረታውን ጻፍ።

ካርታ ሣዩ

ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ። ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

1 ሚሊዮኑን ሰረዝኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የሰረዝኩት። 80 ሺህ ሆነ። ደልማን በረሃውን የሚያቋርጠው በ18 ሺህ ሰው ነው።

ሁለተኛው ደብተር ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። አንድ መስመር ነበረች፤ «የጎተራዋ ጸሐፊ ቁልፉን ሰጠችው» የሚል። ስም እንኳ አልሰጠኋትም ነበር። አሁን ሩዋት ትባላለች። የሦስት ዓመቱን ጎተራ ያሠራችው እሷ ናት። ስንት ጉድጓድ እንዳለ፣ የትኛው ጨው እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሻርሞቹ ይጠሏታል፣ የጦር አዛዦቹ ይጠሏታል፣ ጥቁር ካባዎቹ በየወሩ በሯ ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ። ደልማን በረሃው መካከል ሲደርስ ስድስተኛው ጎተራ የእሷ ማኅተም አለበት፤ ውስጡ ግን አሸዋ ነው። ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እናንተ አትነግሩኝም።

«ሻርም»ም ተቀየረ። በጥንቱ የኦርዛም ቋንቋ «መስፈሪያ» ማለት ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች እህል ሰፋሪዎች ነበሩ። ጦሩን ቀስ በቀስ ነው የወሰዱት፤ ንጉሡም ከደልማን በኋላ ነው የነጠቃቸው። ጥቁር ካባዎቹ ደግሞ በሦስተኛው ትውልድ ካባውን እየሸጡ ነው። (እማማ፣ ይህችን በእርስዎ ሐራጅ ቀናሁ።)

እና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጻፍኩ። አራት ገጽ ነው። ንጉሥ የለበትም። ሩዋት በመብራት ከረጢት ትቆጥራለች።

ለእህቴ ሰጠኋት። ዛሬ ጠዋት መለሰችልኝ። ከሦስተኛው ገጽ ጎን በእርሳስ «አይጦቹስ?» ብላ ጽፋለች።

ስንቅ ቆጣሪ፣ አለህ? የተከማቸ እህል በሦስት ዓመት ውስጥ ስንቱ በአይጥ ይበላል?