ለስላሳ ኮራል ለመጀመር፦ በዲሲና በአርሊንግተን አካባቢ ምን ይሻላል?

ቤት ውስጥ በባሕር ውሃ አኳሪየም ለስላሳ ኮራል (ድንጋያማ አጽም የማይሠራ የባሕር እንስሳ) ማሳደግ በምን እንጀምር ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ የኔ ጥቆማ ይኸው። በቅድሚያ ገንዘባችሁን ውሃው ላይ አውጡ፤ መብራቱ ይደርሳል። ለስላሳ ኮራል መካከለኛ መብራት ይበቃዋል።

ለዲሲና ለአርሊንግተን የቧንቧ ውሃ የሚያቀርበው የዋሽንግተን አኩዌደክት ውሃ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል በክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ነው የሚታከመው። በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ክሎሪን ባልዲ ውስጥ ሲያድር ይተናል፤ ክሎራሚን ግን በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ አርኦ ዲአይ ማጣሪያ (ከውሃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ የሚያወጣ ማጣሪያ) ስትገዙ በውስጡ ያለው ካርቦን ለክሎራሚን የሚሆን መሆኑን ጠይቁ። ቤታችሁ ማጣሪያ ለመግጠም የማይመች ከሆነ የተጣራ ውሃ ከአኳሪየም ሱቅ በጀሪካን መግዛትም ያዋጣል። ብቻ ቲዲኤስ መለኪያ (ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር መጠን የሚያሳይ መሣሪያ) ይዛችሁ ሂዱ። ዜሮ ካላነበበ ሱቁ ማጣሪያውን በጊዜው አልቀየረም ማለት ነው።

የተጣራውን ውሃ የባሕር ውሃ የሚያደርገው ጨውስ? ኢንስታንት ኦሽን የሚባለው ይበቃል። ሬድ ሲ ኮራል ፕሮ የሚባለውም ጥሩ ነው፤ ግን የተዘጋጀው ድንጋያማ አጽም ለሚሠሩት ኮራሎች ነው። ለኛዎቹ ትርፍ ወጪ ነው። ጨዋማነቱ 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ)፣ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን።

ኮራሉን ከሱቅ ይልቅ ከሰው ቤት ብትገዙ እመርጣለሁ። ዋማስ የሚባል የዋሽንግተን አካባቢ የባሕር አኳሪየም ማኅበር አለ። ቤቱ ካሳደገው ላይ ቆርጦ የሚሸጥላችሁ ሰው በምን መብራት፣ በምን ውሃ እንዳደገ ቁጭ ብሎ ይነግራችኋል። ይሄ ከዋጋው በላይ ነው።

ማሽሩምና ቶድስቱል ሌዘር በሚባሉት ኮራሎች ጀምሩ። ሌዘሩ አንዳንዴ ፖሊፖቹን (አበባ የሚመስሉ ትንንሽ አፎቹን) ሰብስቦ ለቀናት ይዘጋል፤ ቆዳው ሰም የተቀባ ይመስላል። ሞተ ብላችሁ እንዳትጥሉት! አሮጌ ሽፋኑን እየጣለ ነው። የፓምፑን ፍሰት ትንሽ ወደሱ አዙሩለት። ስሷ ሽፋን ተልጣ ስትሄድ ፖሊፖቹ ተመልሰው ይወጣሉ።

ግሪን ስታር ፖሊፕ የሚባለው ኮራል ውብ ነው፤ ግን ዋናው አለት ላይ ካስቀመጣችሁት ሁሉንም ይወርሳል። አሸዋው ላይ ለብቻው ትንሽ አለት ስጡት። ኬንያ ትሪ የሚባለው ኮራልም እየተቆረሰ በየቦታው ይበቅላል።

ዞአንቲድ የሚባለውን የኮራል ዘመድ የምትገዙ ደግሞ አደራ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ሳታደርጉ እንዳትቆርጡ። ያሉበትን አለት ደግሞ በፍጹም አትቀቅሉ፤ እንፋሎቱ ቤተሰቡን በሙሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።