ከሰርቫንቴስ እስከ ጋልዶስ ያለውን ክፍተት በምን ልሙላው?

ሰላም ወገኖች። ስለ ስፔን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ለንባብ ቡድናችን ላቀርብ እየተዘጋጀሁ ነው። መሀል ላይ ግን ተይዤ ቀረሁ። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

አጀማመሩ አላስቸገረኝም (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከኤል ሲድ የጀግንነት ግጥም ተነስቼ በ1554 የታተመው «ላዛሪዮ ዴ ቶርሜስ» ላይ ደረስኩ። ይህችን ትንሽ መጽሐፍ በጣም ወድጃታለሁ። ደራሲዋ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ሳላማንካ ከተማ፣ ድልድዩ መግቢያ ላይ፣ ዓይነ ስውሩ ጌታ አገልጋዩን ልጅ ከድንጋይ የተሠራው በሬ ጋ ጆሮውን እንዲያስጠጋ ያዘዋል። ትልቅ ድምፅ ትሰማለህ ይለዋል። ልጁ አምኖ ሲጠጋ ጭንቅላቱን ከድንጋዩ ጋር ያላትመዋል። ባላባት ሳይሆን የተራበ ልጅ የራሱን ታሪክ ሲተርክ አስቡት! ከዚያ ወደ ሰርቫንቴስ ልቦለድ፣ ወደ 1605ቱ «ዶን ኪኾቴ» መሻገር ቀላል ነው።

ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው። የስፔን ሥነ ጽሑፍ ወርቃማ ዘመን በ1681 ከተውኔት ጸሐፊው ካልዴሮን ሞት ጋር አከተመ ይባላል። ጋልዶስ «ፎርቱናታና ሀሲንታ» የተባለውን ልቦለድ ያወጣው ደግሞ በ1887 ነው። መሀል ላይ ሁለት መቶ ዓመት አለ! ከዚህ መሀል የፌይኾን ሐተታዊ ድርሰቶችና የሞራቲንን ተውኔት አግኝቻለሁ። ልቦለዱ ግን የት ገባ? ሳንሱር ነው ያደረቀው? ወይስ ጸሐፍቱ ራሳቸው ፊታቸውን ወደ ሐተታዊ ድርሰትና ተውኔት አዙረው ነው? የትኛውን ላጠንክር?

የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ያነበባችሁ ካላችሁ አንድ ሥራ ብቻ ምረጡልኝ። ስፓኒሽ ስለማልችል በእንግሊዝኛ የተተረጎመ ቢሆን ደስ ይለኛል።