የእማዬ የሐሞት ቱቦ ተዘጋ፤ የአንጀት ባክቴሪያ ምን አገባው?

የአቶቴዋ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቆረ፣ ሰገራዋ ደግሞ እንደ ቡላ ነጣ (ቡላ እየበላችሁ ከሆነ ይቅርታ)። ሌሊቱን ሙሉ ስታክ ታድራለች። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ መድኃኒት አዋቂ ጋ ወሰዳት። አምስት ቀን ቅጠል ጠጣች። በስድስተኛው ሌሊት ሁለት ጋቢ ደርባም አልጋው እስኪንቀጠቀጥ በረዳት። በአልትራሳውንድ ሲታይ ቱቦዋ ውስጥ ጠጠር አለ። ተኝታ አንቲባዮቲክ እየተሰጣት ነው። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ «ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ባክቴሪያ ይበዛል» ብሎኝ ሄደ። ሐሞት ቅባት ለመፍጨት አይደል እንዴ? የእሷ ሐሞት አልፈስ ብሎ የእኔ ፈሰሰ።

ነርሷ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማራቸው። ቅባቱ አንዱ ሥራው ብቻ ነው። ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ያመነጫል። ውስጡ ያለው የሐሞት ጨው ለባክቴሪያ እንደ ሳሙና ነው፣ ሽፋናቸውን ያፈርሳል። እሱ ሲቀር ትንሹ አንጀት ውስጥ ይራባሉ። የአንጀቱ ግድግዳም ይላላል፤ ባክቴሪያውና መርዙ ወደ ደም ይሾልካል። ያን ማጣራት የነበረበት ጉበት ደግሞ ራሱ በታቆረ ሐሞት ተጨንቋል።
ቱቦው ጋ ስንመጣ፣ ጤነኛ ሐሞት ከባክቴሪያ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ሲታጎር ግን እነ ኢ ኮላይ ከአንጀት ወጥተው ይሰፍሩበታል። ግፊቱ ሲጨምር ወደ ደም ይገፋቸዋል። ያ ብርድ ብርድ ማለት ከዚያ ነው። ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫነትና የቀኝ ጎን ሕመም አንድ ላይ ሲመጡ አደገኛ መሆናቸውን ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1877 ጽፎታል። መዘባረቅ ከጀመሩ ወይም የደም ግፊታቸው ከወረደ ደቂቃም አትጠብቂ፣ ነርስ ጥሪ።
አንቲባዮቲኩ ጊዜ ይገዛል እንጂ ቱቦውን አይከፍትም።

ታቦር ሥር፦
እርጎ ብትጠጣስ? ጥሩ ባክቴሪያ አለው ይላሉ።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ እርጎ ጠጠር አይገፋም።

የአዳማው፦
አባቴ ላይ ደርሷል። አዲስ አበባ ተልኮ በኢአርሲፒ ወጣለት፤ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብተው ነው፣ ሆድ አይቀደድም። አንድ ነገር ግን ጠይቂ፦ ቫይታሚን ኬ። ያለ ሐሞት አንጀት በደንብ አይቀበለውም፣ ደም ቶሎ አይረጋም። ለአባቴ በመርፌ ሰጥተውት ነበር።

የአቶቴዋ፦
ወይኔ! ትናንት ግሉኮሱ ሲነቀል ጥጡ ሦስት ጊዜ በደም ራሰ፤ እኔ የሆስፒታሉ ነርስ እጅ ከብዶ መስሎኝ ተቆጥቻት ነበር። አሁኑኑ ሄጄ ጠየቅሁ። የደም ምርመራ ታዟል፣ ቫይታሚኑም ይሰጣታል። የሪፈር ወረቀቱ ተጽፏል፣ ነገ ንጋት ላይ እንወጣለን። የሆስፒታሏን ነርስም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።